ያልጻፍነው ጽሑፍ፦ በርቀትና በኢንተርኔት ትምህርት ስለሚታየው የጽሑፍ ስርቆት

መግቢያ

በዚህ እትም ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ሁላችንም በሻይ ቤት የምናወራው፣ በወረቀት ላይ ግን ብዙም የማንጽፈው ነው። እሱም የሌላ ሰው ጽሑፍ ወስዶ በራስ ስም ማስገባት፣ በተለይ ደግሞ ተማሪና መምህር ፊት ለፊት በማይገናኙበት የርቀትና የኢንተርኔት ትምህርት የሚደረገው ስርቆት ነው።

የጽሑፌ ዓላማ ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ስርቆቱ ምን ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ለምን እንደሚስፋፋ፣ እኛ ከሚሴና አካባቢዋ ያለን ተማሪዎች በምን እንደምንለይ፣ በመጨረሻም በአቅማችን ምን ማድረግ እንደምንችል ማሳየት ነው። ዋናው ሐሳቤ ባጭሩ ይኼ ነው፦ የጽሑፍ ስርቆትን በማሽንና በቅጣት ብቻ አናቆመውም። የሚያቆመው ሊሰረቅ የማይችል ጥያቄ መጠየቅና የወሰዱትን ከማን እንደወሰዱ መናገርን ማስተማር ነው።

1. የጽሑፍ ስርቆት ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ተማሪ ስርቆት ሲባል የሚመጣለት በፈተና ሰዓት የጎረቤት ወረቀት ማየት ነው። ያ ኩረጃ ነው። የጽሑፍ ስርቆት ወይም ፕላጃሪዝም የሚባለው ግን ጊዜ ወስደን በምንሠራው አሳይመንት፣ ዎርክሺትና የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ የሚፈጸም ነው። እኔ በዙሪያዬ ካየሁት ተነሥቼ በስድስት እከፍለዋለሁ።

ሀ. ቃል በቃል መገልበጥ። ከመጽሐፍ ወይም ከኢንተርኔት ወስዶ እንዳለ መለጠፍ። ኮፒ ፔስት የምንለው ነው።

ለ. ቃል እየቀያየሩ መጣፍ። ዓረፍተ ነገሩ የሌላ ሰው ሆኖ ሦስት አራት ቃል ብቻ ይለወጣል።

ሐ. ተርጉሞ ማቅረብ። የእንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ ወይም ወደ አፋን ኦሮሞ መልሶ ምንጩን አለመጥቀስ። ብዙ ሰው ይኼን ስርቆት አይለውም፤ እንዲያውም "ለፍቼ ተርጉሜዋለሁ" ይላል።

መ. በሌላ ሰው ማሠራት። በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች በኤሌክትሪክ ምሰሶና በፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ "ሪሰርች እናማክራለን" የሚል ወረቀት ተለጥፎ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። "እናማክራለን" የሚለው ቃል ውስጥ ምን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

ሠ. ማቀባበል። አንድ ጎበዝ የሠራው በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ይዞርና ስሙ ብቻ እየተቀየረ ይገባል።

ረ. በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማስጻፍ። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ከወጣ ወዲህ የመጣ ነው። እዚህ ላይ የተሰረቀው ሰው ማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም፤ የሚታወቀው የጻፈው ተማሪው አለመሆኑ ነው።

አንድ ነገር ላክል። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። አዋጁ ከታተመ ሥራ ላይ ጠቅሶ መጻፍን አይከለክልም፤ ምንጩና የደራሲው ስም እንዲጠቀስ ግን ይፈልጋል። ስለዚህ "ከመጽሐፍ አትውሰዱ" ያለን የለም። የተባልነው "ከማን እንደወሰዳችሁ ተናገሩ" ነው።

2. ነገሩ በአገራችንና በሌላው ዓለም

የርቀት ትምህርት በኢትዮጵያ ለብዙ ሰው በር የከፈተ ነው። ሥራውን ሳይለቅ፣ ልጆቿን ሳትተው፣ ከገጠር ቀበሌ ሳይወጡ የተማሩ ስንት መምህራንና ሠራተኞች አሉ። የጥራቱ ጥያቄ ግን አብሮት ኖሯል። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር የርቀት ትምህርት በመንግሥትም በግልም ተቋማት እንዲቆም ወስኖ ነበር። ከተቋማቱ ጋር ከተደረገ ውይይት በኋላ እገዳው ቢነሣም ጥያቄው አልተነሣም፦ ማዶ ያለው ተማሪ ራሱ መሥራቱን በምን እናውቃለን?

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባና ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ይህ ጥያቄ የርቀት ተማሪዎች ብቻ መሆኑ ቀረ። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በኢንተርኔት እንዲማሩ ተደረገ፤ አሳይመንት በኢሜይልና በቴሌግራም መላክ ጀመረ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኮዲንግ ለማሠልጠን ያለመ ፕሮግራም ተጀመረ። ትምህርቱ በኢንተርኔት የሚሰጥ፣ ለጨረሰ ሰው ሰርተፊኬት የሚገኝበት ነው። እሰየው የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን የትኛውም የኢንተርኔት ሰርተፊኬት ዋጋው ከስክሪኑ ኋላ የተቀመጠው ሰው ስሙ የተጻፈው ሰው ከሆነ ብቻ ነው።

ሌላው ዓለምም ከዚህ አላመለጠም። ኮርሴራ የተባለው የኢንተርኔት ትምህርት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ እንደጀመረ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ተማሪዎች የተገለበጠ ጽሑፍ እንደሚያስገቡ ተሰማ። የያዟቸው መምህራን አልነበሩም። እርስ በርስ የሚተራረሙት ተማሪዎች ራሳቸው ናቸው ያጋለጡት። ኤሪክ ራብኪን የሚባሉ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ወደ 39,000 ለሚጠጉ የኮርሳቸው ተማሪዎች "ይህን ተዉ" የሚል መልእክት ለመጻፍ ተገደዱ። ድርጅቱም ተማሪው ጽሑፉን ባስገባ ቁጥር "የራሴ ሥራ ነው" ብሎ እንዲያረጋግጥ አደረገ።

እኔን በጣም የገረመኝ የዚህ ኮርስ ጠባይ ነው። ነፃ ነው። ክሬዲት የለውም። ዲግሪ አያሰጥም። ታዲያ ለምን ይሰረቃል? ከዚህ የምንማረው ስርቆት የሚመጣው ከማርክ ፍቅር ብቻ አለመሆኑን ነው። ሌላ ሥር አለው።

3. ለምን ይሆናል?

3.1 ቋንቋው የኛ ስላልሆነ

በዞናችን ብዙ ልጆች ትምህርት የሚጀምሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። አማርኛን የክልሉ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ ይማሩታል። ቢዘገይ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆናል። እኔም በቤቴ ኦሮምኛ፣ በገበያ አማርኛ፣ በክፍል እንግሊዝኛ የምኖር ሰው ነኝ። ሦስት ቋንቋ ማወቅ ሀብት ነው። ግን በሦስተኛው ቋንቋ አምስት ገጽ ጻፍ ሲባል ሐሳቡ በአንዱ ቋንቋ ተወልዶ በሌላው መቀበር ይጀምራል። ተማሪው የመጽሐፉን ዓረፍተ ነገር የሚገለብጠው ሁልጊዜ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። "እኔ ብጽፈው ይበላሻል" ብሎ ስለሚያምን ነው። ርብቃ ሙር ሃዋርድ የተባሉ አሜሪካዊት የጽሕፈት ምሁር ይህን ዓይነቱን መጣፍ እንደ ወንጀል ብቻ ሳይሆን እንደ መማሪያ ደረጃም እንድናየው ይመክራሉ። ያላወቀውን ቋንቋ የሚለምድ ሰው መጀመሪያ ይቀዳል፤ ስሕተቱ እዚያው መቅረት ነው።

3.2 ጥያቄው የማንም ስለሆነ

"የትምህርትን ጥቅም ዘርዝር።" "የአካባቢ ብክለት መንስኤዎችን አብራራ።" እንዲህ ያለ ጥያቄ መልሱ ከተጠየቀበት ቀን በፊት በሺህ ቦታ ተጽፎ ይገኛል። ዎርክሺቱም በየዓመቱ ሳይለወጥ ይመጣል። የማንም የሆነ ጥያቄ የማንም የሆነ መልስ ይጠራል።

3.3 ኔትወርክና ጊዜ

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ብዙ ወራት ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ በኢንተርኔት የሚማር ሰው ምን ያደርጋል? አንድ መስመር ያገኘ ሰው ያወርዳል፣ በፍላሽ ያመጣል፣ ሌላው ይወስዳል። ማንበቢያው በፍላሽ ሲዞር መልሱም አብሮ ይዞራል። ይህን የምለው ስርቆቱን ትክክል ለማድረግ አይደለም። ሕግ የሚያወጣ ሰው ሕጉ የት አገር እንደሚሠራ ይወቅ ለማለት ነው።

3.4 አለማወቅ

አጠቃቀስ ብዙ ጊዜ የሚነገረን በመጨረሻው ዓመት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲደርስ ነው። ያኔ ደግሞ ልማዱ ሥር ሰድዷል።

4. በምሳሌ እንየው

አንባቢ እንዳይቸገር ለማስረዳት ብቻ እኔ የጻፍኩትን ምሳሌ ልስጥ። አንድ መጽሐፍ እንዲህ ይላል እንበል፦

"የቦርከና ወንዝ በክረምት ሞልቶ የጨፋን ሜዳ ስለሚያጥለቀልቅ፣ ውኃው ሲጎድል ለከብት የሚሆን ጥሩ ግጦሽ ይተዋል።"

አንዱ ተማሪ እንዲህ ጻፈ፦ "የቦርከና ወንዝ በዝናብ ወቅት ሞልቶ የጨፋን መስክ ስለሚሸፍን፣ ውኃው ሲቀንስ ለእንስሳት የሚሆን መልካም ግጦሽ ይተዋል።" ክረምት ዝናብ ወቅት ሆነ፣ ሜዳ መስክ ሆነ፣ ከብት እንስሳት ሆነ። ሐሳቡም፣ አካሄዱም፣ ትንፋሹም የደራሲው ነው። ይህ መጣፍ ነው። ስሙ ቢጠቀስ እንኳ የራሱ አባባል አስመስሎ ስላቀረበው ትክክል አይሆንም።

ሌላዋ ደግሞ እንዲህ ጻፈች፦ "ደራሲው የጨፋ ግጦሽ የቦርከና ሙላት ውጤት መሆኑን ያስረዳሉ። ይህ ከሆነ ክረምት ሲነጥፍ የሚጎዳው ገበሬው ብቻ አይደለም። በበጋ ከብቱን ወደ ጨፋ የሚነዳው የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደርም ይጎዳል።" እሷ ሁለት ነገር አድርጋለች። የወሰደችውን ከማን እንደወሰደች ተናገረች፤ ከዚያ መጽሐፉ ያላለውን አንድ ነገር ጨመረች። የተማሪ ጽሑፍ ማለት ይኼ ነው። ረጅም መሆን የለበትም።

5. ማሽን ይይዘዋል?

ተርኒቲን የመሰሉ ፕሮግራሞች ጽሑፍን ከተከማቸ ጽሑፍ ጋር እያወዳደሩ የተመሳሰለውን በመቶኛ ያሳያሉ። ይጠቅማሉ። ግን ማሽኑ የሚያሳየው መመሳሰልን እንጂ ስርቆትን አይደለም። በትእምርተ ጥቅስ ተከቦ በትክክል የተጠቀሰ ነገርም ተመሳሳይ ተብሎ ሊወጣ ይችላል። በሌላ በኩል በገንዘብ የተሠራ አዲስ ጽሑፍ ንጹሕ ሆኖ ያልፋል።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጽሑፍ መለያ ነን የሚሉት ደግሞ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ቻትጂፒቲን የሠራው ድርጅት ራሱ ያወጣውን መለያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ዘግቶታል። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች በሰባት መለያዎች አስፈትሸው ነበር። በአማካይ 61 በመቶ የሚሆኑት በስሕተት "ማሽን የጻፈው ነው" ተባሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው የሚያውቃቸውን ጥቂት ቃላትና የተለመደ አገባብ ይደጋግማል፤ ማሽኑም የሚጠረጥረው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ሌሊቱን ሙሉ በኩራዝ ተቀምጦ በሦስተኛ ቋንቋው ራሱ የጻፈ የባቲ ወይም የአርጡማ ፉርሲ ልጅ፣ እንግሊዝኛው ቀላል ስለሆነ ብቻ ሌባ ሊባል ነው። የገለበጠው በነፃ ያልፍና የለፋው ይከሰሳል። ከስርቆቱ የማይተናነስ በደል ይህ ነው።

6. ከራሳችን ቤት ምን አለን?

አንዳንድ ሰው አጠቃቀስ የፈረንጅ ሥርዓት ይመስለዋል። አይደለም። በክልላችን ሁለት የቆዩ የትምህርት ቤት ዓይነቶች አሉ፤ ሁለቱም ይህን ጉዳይ ከኛ በፊት አስበውበታል።

የመጀመሪያው ቅኔ ቤት ነው። በዋድላም ሆነ በዋሸራ የቅኔ ተማሪ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል። መምህሩ ይሰማል፣ ያርማል፣ ይጠይቃል። ቅኔው አዲስ መሆን አለበት፤ የሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። የሚገርመው በቅኔ ቤት ቋንቋ ቅኔ "መዝረፍ" ማለት ከራስ አፍልቆ መቀኘት ነው። እኛ ዘንድ ግን ዘረፋው እውነተኛ ዘረፋ ሆኗል!

ሁለተኛው የእስልምና ትምህርት ነው። ወሎ በዘውያዎቹና በዑለማዎቹ የታወቀ አገር ነው። በዞናችን ያለችው ሾንኬ ሼህ ጀውሀር ቢን ሐይደርን የመሰሉ ሊቅ ያስተማሩባት ቦታ ናት። በዚህ ትምህርት ሐዲስ የሚያስተላልፍ ሰው ኢስናዱን ማለትም ከማን እንደሰማ፣ ያም ከማን እንደሰማ ሰንሰለቱን ይጠራል። ሰንሰለቱ የተቆረጠ ወሬ ክብደት ያጣል። ደረሳውም ኪታቡን ከሸኹ ፊት ቀርቶ ሲጨርስ ለማስተማር ኢጃዛ ይቀበላል፤ በኢጃዛው ላይ የሸኹ ስም አለ።

ከቅኔ ቤት የራስን ነገር ይዞ መምህር ፊት መቆምን፣ ከደረሳው ደግሞ ምንጭ መጥራትን እናገኛለን። የዘመኑ የአካዳሚ ሥርዓት የሚጠይቀንም እነዚህኑ ሁለት ነገሮች ነው። ዳኛው አያታችን ሲሆን ሕጉ ባዕድ አይመስልም።

7. ምን ይደረግ?

ከዚህ በመነሣት ለትምህርት ክፍላችን የሚከተሉትን ሐሳቦች በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ጥያቄዎቻችን አካባቢያችንን ይጠይቁ። "የገበያን ምንነት አብራራ" ከማለት "ባቲ ሰኞ ገበያ ሄደህ ሁለት ነጋዴ አነጋግር፣ ዋጋ እንዴት እንደሚቆረጥ ጻፍ" ማለት ይሻላል። ይህን የትም ድረ ገጽ ላይ አያገኘውም።

ሁለተኛ፣ የርቀት ተማሪ ለቱቶሪያል ሲመጣ ስለ ጽሑፉ አምስት ደቂቃ በቃል ይጠየቅ። መምጣት ለማይችል ስልክ አለ። የጻፈ ሰው ይናገራል፤ ያልጻፈ ሰው በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይቆማል። ለዚህ ኢንተርኔትም ፕሮግራምም አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ ረቂቅ አብሮ ይግባ። ረቂቁ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ቢሆን ይፈቀድ። ሐሳቡ በራሱ ቋንቋ ከተወለደ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ለመሄድ ድፍረት ያገኛል።

አራተኛ፣ አጠቃቀስ በመጀመሪያው ዓመት፣ በመጀመሪያው ሳምንት ይሰጥ። ከላይ እንዳየነው ባለ አንድ ዓረፍተ ነገር ልምምድ በቂ ነው።

አምስተኛ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጠቀመ ተማሪ ለምን እንደተጠቀመበት በአንድ መስመር ይግለጽ። ከልክለን ከማስደበቅ አስገልጠን ማረም ይሻላል።

ስድስተኛ፣ ማንም ተማሪ በማሽን ውጤት ብቻ አይቀጣ። መጀመሪያ ይጠራ፣ ይጠየቅ፣ ረቂቁን ያሳይ።

መምህራኖቻችን "ተማሪው ብዙ ነው፣ ጊዜ የለንም" እንደሚሉ አውቃለሁ። እውነት ነው። ስለዚህ ሁሉም አሳይመንት ይቀየር አልልም። በአንድ ኮርስ ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ሥራ ቢኖር ከአምስት የተገለበጡ ዎርክሺቶች ይበልጣል። ማረሙም ይቀላል፤ አንድ ዓይነት መልስ መቶ ጊዜ ከማንበብ መቶ የተለያየ ነገር ማንበብ አይሰለችም።

ማጠቃለያ

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የመውጫ ፈተና ሲሰጥ ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ወይም 40.65 በመቶ ነበሩ። ይህ ሁሉ የጽሑፍ ስርቆት ውጤት ነው ማለት አይቻልም፤ የመምህር፣ የመጽሐፍ፣ የሰላምና የኑሮ ጉዳይ አለበት። ነገር ግን ለሦስትና ለአራት ዓመት ጥሩ የአሳይመንት ማርክ የያዘ ተማሪ አንድ ቀን ብቻውን ሲጠየቅ ምላሱ ከተሳሰረ፣ ያ ማርክ የማን ነበር? ብለን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከመካከላችን ብዙዎቹ ነገ በደዋ ጨፋ፣ በጂሌ ጥሙጋ ወይም በደዌ ሐረዋ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዘን እንቆማለን። ሕፃኑ እጁን አውጥቶ "መምህር፣ ለምን?" ሲል ያኔ ፍላሽ የለም፣ ቴሌግራም የለም፣ የሚያማክርም የለም። ያ ልጅ ደግሞ ያልተማርነውን ነገር ዋጋ ይከፍላል፤ እሱ ግን ምንም አልሰረቀም።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሦስት መስመርም ቢሆን የራሳችንን እንጻፍ፤ የሰው ከሆነም የሰው ነው እንበል። አስተያየት ያላችሁ በሚቀጥለው እትም ጻፉልኝ፣ ከኔ የተለየ ሐሳብ ቢሆንም ደስ ይለኛል።